የግራኙ ወረንጦ

ባሌ ግራኝ ነው። ለሥራ ባሕር ማዶ ሲሄድ መለኪያ ወረንጦውን የስልክ መጠገኛ ሱቃችን ውስጥ ትቶልኝ ሄደ። ወረንጦ ስል የቅንድብ መንቀያውን እንዳይመስላችሁ። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ዕቃ በሁለቱ ጫፎቹ ቆንጠጥ ሲያደርጓት፣ እጀታው ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ልኳን በቁጥር ታሳያለች። እኛ የምንሠራባቸው ዕቃዎች ደግሞ አብዛኞቹ ምንም አልተጻፈባቸውም። ካልተለኩ የወለደቻቸው እናትም አትለያቸውም።

ስክሪኗ የተስተካከለችው ለግራ እጅ ነው። እኔ በቀኜ ስይዛት ቁጥሩ ተዘቅዝቆ ይታየኛል፤ 68 የነበረው 89 ይሆንብኛል። ለማስተካከል አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው፣ "አንገትሽን ከምታጣምሚ ብትገለብጪው ምን አለበት?" እያለ ያሾፍብኛል። አልገለብጠውም። ሲመለስ እንደተወው እንዲያገኘው ነው የምፈልገው። "ለአንድ ዓመት ብቻ" ብሎኝ ነበር፤ ዓመቱ አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። ናፍቆኛል፣ ምን ልደብቅ። ከጎኔ ያለው ወንበሩ ላይ እንኳን ሰው፣ ዕቃም አላስቀምጥም።

እሁድ እሁድ ይደውላል። የእናቱ፣ የአማቴ፣ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ከተበላሸ ወዲህ እሱ የሚለውን ጮክ ብዬ የማቀብላቸው እኔ ነኝ። ስለ ሥራው ያወራል፣ የጉልበታቸውን ሕመም ይጠይቃል። በመጨረሻ ከራሴ ጨምሬ፣ "በቅርቡ እመጣለሁ ይላል" እላቸዋለሁ። ፊታቸው ይበራል። እሱ ግን ይህን ካለ ቆይቷል፣ እኔም መጠየቅ ፈርቻለሁ። የመሣሪያውን ጥገና ዛሬ ነገ እያልኩ የምጎትተውም ለዚሁ ነው።

ዛሬ እሁድ ከሰዓት አማቴ እግራቸውን እየጎተቱ ሱቅ ድረስ መጡና ያ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

"የአገሩን ስልክ ሁሉ ስትሠሪ የኔ ጆሮ ብቻ ነው ያቃተሽ?"

"ዕቃው ጠፍቶ ነው፣ እማዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"ፈልጊዋ! የልጄን ድምፅ በገዛ ጆሮዬ ልስማ።"

ምን ማምለጫ አለኝ? መሣሪያውን ከፈትኩት። የተበላሸችው ካፓሲተር የሚሏት አንዲት ደቃቃ ዕቃ ናት፤ ልኳ 68 የሆነች ታስፈልጋለች። ከአሮጌ መሣሪያዎች ከነቀልኳቸው መሐል እያነሳሁ ቆነጠጥኩ። ስክሪኗ ላይ 68 ሳይ ደስ ብሎኝ በየድኳትና መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

"እንዴት ነው፣ እማዬ?"

"ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? ድምፅሽ ጎረነነብኝ።"

ያኔ ነው የገባኝ። በኔ እጅ 68 ሆና የታየችኝ በትክክሉ 89 ናት። ይህን እንደ ስሜ የማውቀው ነገር ነው፤ ልቤ መሣሪያው እንዳይሠራ ፈልጎ ይሆን እንጃ። አማቴ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ባሌ የሚደውልበት ሰዓት ደርሷል። በተዘቀዘቀ ቁጥር ደግሜ ብሳሳትስ?

ቁልፉን ተጫንኩት።

ቁጥሩ ተገልብጦ ቀጥ አለ። ልብሱን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለሰው የሰጠሁ ያህል ተሰማኝና እንባዬ መጣ። አማቴ እንባዬን አዩ። ትክክለኛዋን 68 ለክቼ አገኘሁ፣ የፊቷን አንስቼ በየድኳት።

"አሁን አንቺ ነሽ" አሉ፣ ገና ስናገር።

ስልኩ ጮኸ። ከእጄ ነጥቀው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

"ልጄ! እኔ ነኝ! እሰማሃለሁ!" ሳቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለ ጉልበታቸው ነገሩት። ከዚያ እኔ የፈራሁትን እሳቸው ጠየቁ። "መቼ ነው የምትመጣው?"

አዳመጡ። ብዙ አዳመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዴም "ምነው ልጄ" አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል።

ወረንጦውን አስቀመጥኩ። "ምን ይላል፣ እማዬ?"

ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን እንደምንም አበሩት።

"በቅርቡ እመጣለሁ ይላል" አሉኝ።