ዋስ የሌለው እንቅልፍ

«ተኛ። እጅህ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ አይንቀጠቀጥም» አለ አካሚው ክንዱ፣ የኪስ ሰዓቱን በሰንሰለቱ አንጠልጥሎ ከሀዳነ ዓይን ፊት ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ።

የሀዳነ ሽፋሽፍት ከበደ፤ አንገቱ ወደ ደረቱ ዘመመ። ሁለት ክረምት ሲርገፈገፍ የኖረው ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ ጸጥ አለ። ጎንደር ቀሐ ወንዝ ዳር ባለው በክንዱ ግቢ ተራቸውን የሚጠብቁት በሽተኞች «እሰይ!» አሉ።

ሚስቱ አመለወርቅ እሰይ አላለችም። ባለፈውም እንዲሁ ጸጥ ብሎ አይታዋለች። አገራቸው ወገራ ደርሰው እርፍ ሲጨብጥ ነው እንደገና የጀመረው። ለዚያ እንቅልፍ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሰጥተዋል። ዛሬ ደግሞ ክንዱ ሁለተኛውን አምጡ ብሏል፤ በሬው ደጅ ታስሮ ያመነዥካል። አንድ በሬ ካላቸው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ያርሳሉ። ይህም ከሄደ ለሰው ማደር ነው።

ክንዱ ሲያጨበጭብ ሀዳነ ነቃ። እጁም አብሮ ነቃ።

«አየሽ? ጅምሩ ሸጋ ነው» አለ ክንዱ። «በግማሽ ከተተወ ግን ይብሳል። በሬውን አስገቢው።»

«ዶቶሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ወዲህ ሰዉ ሁሉ በጣሊያኖቹ አፍ ዶቶሬ፣ ሐኪም፣ ይለዋል፤ አስመራ ለአንድ ጣሊያን ሐኪም ሻንጣ ተሸካሚ እንደ ነበር ግን ራሱ ነው ያወራው። «በዚህ የዳነ ማንን አይተዋል?»

«ጌታዬ ሲያክም አይቻለሁ። አንድ ወታደር እጁ እንዲሁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አስተኛው።»

«ዳነ?»

«በመርከብ ወደ አገሩ ወሰዱት።»

«ዳነ ወይ ነው ያልኩ።»

«አንቺ ሴት፣ ማመን ያስፈልጋል! አንቺ ካላመንሽ እሱ እንዴት ይድናል?»

ደሟ ፈላ። «እንግዲያ ሳይድን ሲቀር ጥፋቱ የኔ ነዋ! በሬዬን የበላህ አንተ፣ እምነት የጎደለኝ እኔ! ምነው መጀመሪያውን ይድን እንደሁ አላውቅም አላልከን? አውቀን እንሰጥ ነበር፤ ወይ አውቀን እንተው ነበር።»

ሀዳነ አንገቱን እንደ ደፋ «ተይው፣ አመለ» አለ። «ሲያስተኛኝ ያርፍልኛል። ያቺን ታህል ማረፍ...»

«ማረፍህንማ አየሁ። ዕረፍት ብሎ ቢሸጥልን ማን ይቆጣዋል? መዳን ብሎ ነው የሸጠልን!»

ክንዱ ባላገሩ እንዲቀርበው ከኮቱ በላይ ነጠላ ይደርባል። አመለወርቅ ተነሥታ የራሷን ነጠላ ጫፍ ከእሱ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። በአገሩ ልማድ እንዲህ የተቋጠሩ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ አይፈቱም።

«በሕግ አምላክ! እንደሚድን ዋስ ጥራ። ከጠራህ ይህም በሬ ያንተ ነው። ካልጠራህ ያንን መልስ።» ወደሚጠብቁት ዞረች። «ማነው ዋስ የሚሆነው?»

እሰይ ያለው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንድ ዓይኑ በሻሽ የታሰረ ሽማግሌ ብቻ «እኔ ለሌባ እንኳ ዋስ ሆኜ አውቃለሁ። ለእንቅልፍ ግን እንጃ» አለ። ሰዉ ሳቀ።

ሳቁን ሲሰማ የክንዱ ፊት ተለወጠ። ወደ ሀዳነ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬ ዳኛው ጣሊያን ነው። እጅህ የት እንደ ታመመ ይጠይቅሃል። አርማጭሆ ጫካ ጣሊያንን ስትወጋ ከነማን ጋር እንደ ነበርክ ተኝተህ ነግረኸኛል። በል፣ ይህን ቋጠሮ ፍታ።»

በሬ ሰጥተው የገዙት እንቅልፍ ለካ ምሥጢራቸውንም ወስዶታል። የአመለወርቅ ጣት ወደ ቋጠሮው ሄደ።

ሀዳነ ቀደማት። ብድግ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጁ ይርገፈገፋል፤ ጨርቁን ደጋግሞ ሳተው። ሰዉ ሊፈታው ነው ብሎ ጠበቀ። ጫፉን ባገኘው ጊዜ ግን ስቦ አጠበቀውና በቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ ደገመበት።

«እንሂድ» አለ። «እጄ የት እንደ ታመመ እኔው እነግረዋለሁ። አንተም ማንን እንዳዳንክ ትነግረዋለህ።»

ከዚያ በግራ እጁ የበሬውን ገመድ ፈታ።