ከአንገትጌው ሥር

ልብስ ሰፊዋ ለትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ ዩኒፎርም ሰፋች። በእያንዳንዱ አንገትጌ ሥር፣ የልጁ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ መኖሩን ዳይሬክተሩ ያወቁት ሊረከቡ የመጡ ዕለት ነው። ደማቸው ፈላ።

"እትዬ፣ ወላጅ ሊያስደነግጡብኝ ነው? አሁኑኑ ይተርትሩልኝ!"

"ይደንግጣ! እኔ ልጄን የቀበርኩት የሚያስደነግጠኝ አጥቼ ነው።"

ልብስ ሊለኩ ሱቋ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ወደ ሁለቱ ዞሩ።

"ሚጢዬ ጠዋት ጠዋት 'ራሴን' እያለች ስታስመልስ፣ 'ትምህርት ጠልታ ነው' አላችሁኝ። እኔም ሞኟ አምኜ አራት ወር ሙሉ እየጎተትኩ ትምህርት ቤታችሁ አመጣኋት። የአንጎል ካንሰር ነው ሲሉኝ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።"

"አዝናለሁ። ግን ዩኒፎርም የሐኪም ቤት ግድግዳ አይደለም።"

ልብስ ሰፊዋ ምላጭ አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

"የሰፋሁትን አልተረትርም። እርስዎ ይተርትሩት፤ ግን እያንዳንዱን ጮክ ብለው እያነበቡ።"

ዳይሬክተሩ እልህ ያዛቸውና የመጀመሪያውን አነሱ።

"ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ አመል ነው አይበሉ። ሐኪም አንጎሉን እንዲያይለት አጥብቀው ይጠይቁ።"

ክሩን በጠሱት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን አንብበው ሲጨርሱ ከእናቶቹ አንዷ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ እስቲ ያቺን 'ሲራመድ' የምትለዋን ይድገሙልኝ።"

ምላጩ እጃቸው ላይ ቀረ።

"ይድገሙላት እንጂ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ገና ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይቀርዎታል።"