ወርቃማው ድምፅና የአጎቱ ኮምፕረሰር

ጎሚስታው ልጅ የዘፈን ውድድሩን ያሸነፈው በአዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ ነው። ይህን ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም፤ እሱ ራሱም አላወቀም። አሮጌው ማቀዝቀዣ ጣሪያው ላይ ሆኖ እንደ ታመመ በሬ ያቃስት ነበር። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ከማቃሰቱ ላይ ተነሥቶ በረረ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያዩት ሁሉ እኩል አይናገሩትም። አንዷ ዳኛ ከማልቀሷ ብዛት የተለጠፈው ሽፋሽፍቷ የውሃ ብርጭቆዋ ውስጥ ገብቶ ዋኘ ይላሉ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ትኬት የሌለውን ሁሉ «ግባ፣ ግባ፣ ይሄን መከልከል ኃጢአት ነው» እያለ አስገባ ይላሉ። የዋንጫው ነገር ግን እርግጥ ነው። ዛሬም እናቱ ቤት አለ፤ ሽንኩርት ይቀመጥበታል።

እስከዚያ ቀን ድረስ አጎቱ ጎማ ቤት የተበሳ ከመነዳሪ እየለጠፈ፣ ጎማ እየነፋ፣ እየዘፈነ ነው የኖረው። ቤታቸውንና ጎማ ቤቱን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እናቱ ያረገዘችውም፣ ያጠባችውም፣ የገረፈችውም ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ነው። ሌላው ሕፃን ጩኸት ሲሰማ ይባንናል፤ እሱ ኮምፕረሰሩ ዝም ሲል ነበር የሚባንነው። ኮምፕረሰር ደግሞ አየር ሲጠግብ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ደንበኛ ጥቂት ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይጠግባል። እናትየው ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ትደበድብና «ልቀቀው!» ብላ ትጮኻለች። አጎትየው ማስተንፈሻውን ይከፍታል፣ አየሩ ይወጣል፣ ኮምፕረሰሩ እንደገና ርቦት ይነሣል፣ ሕፃኑም ይተኛል። እንዲህ ሆኖ አደገ።

ባሸነፈ ማግስት የሙዚቃ ኩባንያው ወሰደው። ሥራ አስኪያጁ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ፣ አንዱን እየጨበጠ ሌላውን የሚያይ ሰው ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ወርቃማው ድምፅ ነው» አለው።

«እሺ።»

«ጎማ የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«እሺ።»

«እሺታህንም ቀንስ። ኮከብ እሺ አይልም፤ ራሱን ነው የሚነቀንቀው።»

እሺ ሊል አፉን ከፈተና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሱሪ አለበሱት። ሱሪው ከመጥበቡ የተነሣ ሳይመካከር አይቀመጥበትም ነበር።

ስቱዲዮው ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ የተለበጠ ነው። ዝም ከማለቱ ብዛት ሰው የገዛ ሆዱን ወሬ ይሰማል። ልጁ ማይክራፎኑ ፊት ቆመ፣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ጭራዋን በር የቆረጠማት ድመት ድምፅ ነበር። ደገመው። ድመቷ ሁለት ሆነች። የድምፅ ባለሙያዋ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ላይ አነሣች።

«ወንድሜ፣ እዚያ ውድድር ላይ የዘፈንከው አንተ ነህ ወይስ ወንድምህ?»

«ወንድም የለኝም።»

«ያሳዝናል» አለችና ኮምፒውተሯን አስነሣች።

ኮምፒውተሩ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ቆረጥ እያደረገ አሳመረው። በመጨረሻ ከልጁ የቀረው ትንፋሹ ብቻ ነበር፤ እሱም ያውካል ተብሎ ወጣ።

ዘፈኑ አገር አጥለቀለቀ። ጎረቤትየዋ ሬዲዮዋን አቅፋ እየሮጠች ገባች።

«አንቺ! ልጅሽ እኮ ነው!»

እናትየው ሽንኩርቷን አስቀምጣ ጆሮዋን ሰጠች። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች። «ይሄ የታጠበ ማንኪያ ነው።»

ልጁ ሊጠይቃት ሲመጣ ያንኑ ነገረችው።

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አንተማ አንተ ነህ። ሬዲዮ ውስጥ ያለውን ነው የማላውቀው። የሱን እናት ፈልገህ ጠይቃት።»

«ሰው ሁሉ ወዶታል።»

«ሰው ሁሉ አልወለደህም። አንተ ራስህ የምትዘፍን ቀን ጥራኝ፤ ጫማዬን አስጠርጌ እመጣለሁ። ማንኪያ ለመስማት ግን ከዚህ አልነቃነቅም።»

ይህ ነገር እንደ አሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሱ ደግሞ ጉሮሮውም ባዳ ሆነበት። በየመድረኩ ኮምፒውተሩ ይዘፍናል፣ እሱ አፉን ያንቀሳቅሳል። አንድ ቀን የጫማ መደብር ሲመረቅ ኮምፒውተሩ «ፍቅ… ፍቅ… ፍቅ…» እያለ ተደናቀፈ። ልጁም ምን ያድርግ፣ አፉንም ትከሻውንም አብሮ «ፍቅ… ፍቅ… ፍቅ…» አስባለ። ሕዝቡ አዲስ ጭፈራ መስሎት አበደ። በሳምንቱ ወጣቱ ሁሉ በየመንገዱ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ የጤና ሰዎች ወረርሽኝ ገባ ብለው ክትባት ይዘው ወጡ አሉ። የተከተቡም አሉ።

ዓመቱ ሲሞላ የውድድሩ አንድ ወግ ቀረበ። ያለፈው ዓመት አሸናፊ በዚያው መድረክ ላይ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ራሱ ዘፍኖ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ልጁ ይህን ሲሰማ ከደስታው የተነሣ ሳያስብ እናቱ ጋ ደወለ። ማሰብ የጀመረው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አልተጨነቀም። «ሻርፕ ጠምጥምና ጉሮሮዬን አሞኛል በል። ሕዝብ የታመመ ጉሮሮ ይወዳል።»

«አይሆንም።»

«ምነው?»

«እናቴ ጫማዋን አስጠርጋለች።»

«ታዲያ?»

«አንተ ጫማዋን አታውቀውም።»

የሚገባበት ቢያጣ አጎቱ ጎማ ቤት ሄደ። አጎቱ የአንድ ታክሲ ጎማ እየነፋ ነበር። ኮምፕረሰሩ ተነሣ። ሳይጠሩት፣ ሳይለምኑት፣ ያ ድምፅ ከልጁ ደረት ወጣ። ባለታክሲው ተሳፋሪ እንዳለው ረስቶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እስቲ አጥፋው።»

ጠፋ። ድመቷ መጣች።

«አብራው።»

ተነሣ። ድመቷ ሄደች። አጎትና ልጅ ተያዩ።

«የፈለገውን ቢያስከፍል ይሄን ነገር መድረክ ላይ አምጣልኝ፣ ጋሼ።»

«ላውስህ እችላለሁ» አለ አጎቱ፣ «ግን ከፍ ካለ ቦታ እንዳይወድቅ፤ አርጅቷል። ደግሞም እንዳትነካው፤ እኔ ነኝ የማውቀው።»

እሑድ ከሰዓት ኮምፕረሰሩ በጋሪ ተጭኖ በአዳራሹ የኋላ በር ገባ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተተከለ። ገመዱን አሰቡ፣ ዘይቱን አሰቡ፣ እንዳይንሸራተት ድንጋይ እንኳ ይዘው መጥተዋል። አንድ ነገር ግን ሁለቱም ረሱ፤ ጎማ። ጎማ ቤታቸው ከደራ ወዲህ የተነፈሰ ጎማ ሁልጊዜ ተሰልፎ ስለሚጠብቅ፣ ኮምፕረሰሩ ጠግቦ ዝም ሲል ካዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

አዳራሹ ድምፅ የማያሰማ አዲስ ማቀዝቀዣ ገዝቶ፣ የመድረክ መሪው እሱን እያሞገሰ ጀመረ። እናትየው ከፊት ረድፍ፣ ጫማዋ እንደ መስታወት እያበራ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፕረሰሩ አጉረመረመ። ሙዚቀኞቹ ግራ ገብቷቸው ክራራቸውንም ጊታራቸውንም በሱ ልክ አጠበቁ። ልጁ ዘፈነ። አዳራሹ እስትንፋሱን ያዘ። እናትየው ያጣመረችውን እጅ ፈታች።

ልክ ዘፈኑ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ኮምፕረሰሩ «ጠቅ» አለና ዝም አለ። ጠገበ።

ልጁ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ድመቷ ጉሮሮው በር ላይ ቆማ ይሰማታል። ሥራ አስኪያጁ ከዳር ሆኖ ሻርፕ ያውለበልባል። አጎትየው ከመጋረጃው ጀርባ ቱቦውን ይዞ «ጎማ! የጎማ ያለህ!» እያለ ይዞራል።

እናትየው ጎንበስ አለች። ያንን የተጠረገ ጫማ አወለቀች፣ ተነሥታ የመድረኩን ጣውላ ትደበድበው ጀመር።

«አንተ! ልቀቀው!»

አጎትየው አላሰበም፤ እጁ ነው የሰማው። ማስተንፈሻውን ከፈተ። አየሩ ሲወጣ መጋረጃው ተነፋ፣ የሥራ አስኪያጁ መነጽር በረረ፣ ከሦስተኛው ረድፍ የአንድ ሰው ዊግ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኮምፕረሰሩ ርቦት ተነሣ። ልጁም ካቆመበት ዳገት ላይ ድምፁን አንሥቶ ወጣው።

ሲጨርስ ወርዶ እናቱ ፊት ቆመ።

«እህስ፣ እማ?»

ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየችው። «አሁን ልጄን ሰማሁት» አለች። «ሱሪው ግን የማን ነው?»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጎማ ቤቱ ድረስ መጣ፤ ሊያስፈርም የፈለገው ኮምፕረሰሩን ነበር። አጎትየው ወረፋ ያዝ አለው። ወረፋው ደግሞ አስፋልቱን ይዞ ታጥፏል፤ ሰው ዘፈን ለመስማት ሲል ደህናውን ጎማ በገዛ ምስማሩ እየበሳ ይመጣ ነበር። ልጁ ሰፊ ሱሪውን ለብሶ ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገባ። ከግድግዳው ወዲያ እናትየው የጎረቤትየዋን ሬዲዮ አጥፍታ ሽንኩርቷን ወደ መላጥ ተመለሰች።