የኋላ ወንበር ቻይንኛ

ወንድሜ ኖላዊ ቻይንኛ መማር ከጀመረ ወዲህ ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለችው አፓርታማችን ቤት መሆኗ ቀርቶ ታክሲ ሆናለች። ሻወር ውስጥ፣ «ሺፉ፣ ቺንግ ማን ዲያር!» ሽንኩርት ሲከትፍ፣ «ካኦ ቢየን ቲንግ!» አንዲት ሴት ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥላ በቻይንኛ ትናገራለች፤ እሱ ይደግማል፤ እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ሁለቱንም እረግማለሁ። እርግማኑ አልሠራም፤ ሳልፈልግ ሁሉንም ሸመደድኩት። «ሹፌር፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ። ዳር ይዘው ያቁሙልኝ።» በእንቅልፍ ልቤ ሳይቀር ቻይና ውስጥ ታክሲ አስቆማለሁ።

ጥፋቱ የሊን ነው። ሊን ኖርዝ ዮርክ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ቻይናዊት ናት። ኖላዊ ደግሞ በአፕ እየተጠራ ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወደ ቤቷ አደረሳት፤ ልቡ ግን ከመኪናው አብራት ወረደች፣ አልተመለሰችለትም። ሊንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት የእናቷ እናት ናት። ላኦላኦ ትላታለች፤ በነሱ አገር አያት ማለት ነው። አሮጊቷ ሁለቱ ሊጋቡ ማሰባቸው በስልክ ሲነገራቸው፣ «አንዲት ቃል የማልለዋወጠውን ሰው እንዴት አምኜ ልጄን እሰጠዋለሁ? መጥቼ ልየው» አሉ። ሊንም ለኖላዊ አልደበቀችውም።

«እሷ እሺ ካላለች አላገባህም። ሶሪ።»

ያቺ «ሶሪ» እህል ውሃ ከለከለችው። በማግሥቱ የቋንቋ አፕ ዳውንሎድ አደረገ። ሰላምታ የሚል ትምህርት ነበረው፣ ቤተሰብ የሚል ነበረው፣ ምግብ የሚልም ነበረው። እሱ የመረጠው «ለመንገደኞች፦ ታክሲና ራይድሼር» የሚለውን ነው።

«ሹፌር አይደለሁ እንዴ?» አለኝ። «በማውቀው ልጀምር።»

እኔም ልክ ነህ አልኩት። ሁለታችንም ዲግሪ አለን፤ ምን ያደርጋል። ለሊን ሰርፕራይዝ ነው ተብሎ እንዳትነግሪ ተባልኩ፤ ስለዚህ የሚያርመው ሰው አልነበረም።

በዚህ ላይ ጋሽ አስማማው ተጨመሩ። ከእኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ ናቸው። በዚህ ከተማ እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ያልጠየቋት ሙሽራ ያገባች አይመስላቸውም። አንድ ሕግ አላቸው፦ ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። «ቁጭ በሉ» ቢባል አይቀመጥም፣ ጉልበቱ ቢከዳው አይቀመጥም። ሊን በዕለቱ ሥራ ስለነበራት እቅዳችን ላኦላኦን ከኤርፖርት ተቀብለን ሊን ቤት ማድረስ፣ ማታ ስትመለስም እሷ እየተረጎመች ጋሽ አስማማው ቆመው እንዲጠይቁ ነበር። እሳቸው ግን «የልጅቱ አሳዳጊ ያለ ሽማግሌ አይገቡም» ብለው በሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው አብረውን መጡ።

ላኦላኦ ወጡ። ቀይ ጃኬት የለበሱ፣ ትከሻዬ ድረስ እንኳ የማይደርሱ፣ የሚያስፈሩ ሴትዮ ናቸው። ኖላዊ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለት እጁን አጣመረ፣ አንገቱን ሰበረ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተዘጋጀበትን ዓረፍተ ነገር በጠራ ድምፅ ለቀቀው።

«ሺፉ፣ ቺንግ ሶንግ ዎ ቹ ጂቻንግ!»

እኔም በልቤ ተረጎምኩት፦ «ሹፌር፣ እባክዎ ኤርፖርት ያድርሱኝ።» የቆምነው ኤርፖርት ነው። ላኦላኦ ግራ ቀኝ አዩ። ያኔ ነው የበራልኝ። ያ ትምህርት የሹፌር አልነበረም። ያ ሁሉ ቃል ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ለሹፌሩ የሚለው ነው! ወንድሜ ሌላ የሚለው የለውምና ቀጠለ። «የሻንጣውን ቦታ ይክፈቱልኝ» አላቸው፣ ሻንጣቸውን ከእጃቸው እየተቀበለ። «ቸኩያለሁ» አላቸው። ላኦላኦ ወደ መኪናው አለፉ። ጋቢናውን ብከፍትላቸው ንቀው ከኋላ ገቡና በሩን ዘጉ።

«አለቀልኝ፣ ሩሃማ» አለ ኖላዊ፣ ሻንጣውን እየጫነ። እኔ ሳቄንም ለቅሶዬንም ይዤ ወደ ጋሽ አስማማው ዞርኩ። እሳቸው እንደ ግንድ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ፣ ጋሽ አስማማው።»

«አልገባም። እሳቸው ባሉበት ከተቀመጥኩ ጉዳዩ ተበላሸ።»

«መኪና እኮ ነው!»

«ወንበር ወንበር ነው።»

«ስንመጣስ ተቀምጠው አልነበር?»

«ያኔ እሳቸው የሉማ!»

አስተናባሪው ፊሽካውን ይነፋብናል፤ ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉብናል። ጋሽ አስማማው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እናንተ ሂዱ። እኔ በባስ ቆሜ እመጣለሁ» ብለው ጥለውን ሄዱ። ይኼንን የሚያሸንፍ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ሃይዌዩ ተዘጋግቶ ስለነበር በዲክሰን ሮድ ወጣን። እኔ ከላኦላኦ ጎን ተቀምጫለሁ። ኖላዊ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ ያያቸዋል፤ እሳቸው መንገዱን ያያሉ። አንድ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ከቀኛችን ባስ መጥቶ ቆመ። ቀና ስል ጋሽ አስማማው! ከፊታቸውም ከኋላቸውም ባዶ ወንበር ሞልቷል። እሳቸው ግን ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ቀጥ ብለው ብረቱን ጨብጠዋል። ላኦላኦ አዩዋቸው። መስኮቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ጋሽ አስማማው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሱ ባሱ ተንቀሳቀሰና ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

ላኦላኦ ወደ እኔ ዞረው በቻይንኛ ጥያቄ አወረዱብኝ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ይስጣት ሊን ከክሊኒኩ ኮል አደረገች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ላኦላኦ እየጠየቀች ነው» አለች ሊን። «ነጭ ልብስ የለበሰው ሽማግሌ ታሟል ወይ? ለምን አይቀመጥም?»

«በእኛ ባህል» አልኩ፣ «ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አንቺን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ከላኦላኦ ጋር ላለመቀመጥ ብለው ነው በባስ የሚሄዱት።»

«ዌት። ዌት! በባስ?» ጮኸች። ከዚያ እየሳቀች፣ እየተንተባተበች ተረጎመችላቸው።

ላኦላኦ ባሱን አዩ። እየራቀ ነው። ድንገት ወደ ፊት ተስበው የኖላዊን ወንበር በጥፊ መቱት።

«ሺፉ! ኳይ ዲያር!»

ፍጠን! ኖላዊ ሳያስብ ነዳጅ ረገጠ። ላኦላኦ አፋቸውን ከፍተው የኖላዊን ማጅራት ማየት ጀመሩ። እንደ ገና ሞከሩት።

«ማን ዲያር።»

ቀስ አለ።

«ኳይ ዲያር!»

ፈጠነ። ላኦላኦ ሳቁ! ያ የሚያስፈራ ፊት እንደ ልጅ ፊት ተከፈተ። ኖላዊም እያለቀሰ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሊን በስልኩ፣ «ቻይንኛው እንዴት ገባው? ሩሃማ፣ እንዴት ገባው?» ትላለች፤ የሚመልስላት ሳቃችን ብቻ ነው። ባሱን አለፍነው።

«ካኦ ቢየን ቲንግ!»

ኖላዊ ዳር ይዞ፣ ፌርማታውን አለፍ ብሎ፣ ቀጥ አደረጋት። ላኦላኦ በሩን በርግደው ወረዱ፤ እኔ ስልኩን እንደ ችቦ ከፍ አድርጌ ተከተልኳቸው። ባሱ መጥቶ ቆመ። ተሳፈርን። ላኦላኦ ወደ ጋሽ አስማማው ሄዱና ሁለት እጃቸውን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ከጎናቸውም ተቀምጠው ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ጋሽ አስማማው ግማሽ ተነሥተዋል። «እሺ ካላሉ ልነሣ!»

ሊን ስልኩ ላይ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ አስማማው። ‘ይኼ ልጅ ያልኩትን ሁሉ ይሰማኛል። እኔ ያሳደግኳቸው እንኳ እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም። ሰጥቻለሁ’ ነው ያለችው።»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ተሳፋሪው ደነገጠ፤ አንዲት የጃማይካ እናት ግን ነገሩ ሳይነገራቸው አጨበጨቡ። ጋሽ አስማማው «ተመስገን፣ እግሬም አልቆልኝ ነበር» ብለው ሙሉ በሙሉ ተቀመጡ። በዚህ መሐል የባሱ በር ተዘጋና ተንቀሳቀስን።

ኖላዊ! ነገሩ ሁሉ የሆነለት ሰው ውጭ ቀርቷል። መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ በመስታወቱ በኩል ይጮኻል። እኔ ውስጥ ሆኜ ብጮህ አይሰማኝም። ላኦላኦ ተነሡ፤ ወደ ኋላው መስኮት ሄደው መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉና እያዩት ራሳቸውን አንዴ፣ በደንብ አድርገው፣ ወደ ታች ነቀነቁ።

ገባው። ዲክሰን ሮድ ዳር፣ የመኪና በሩን እንደ ከፈተ፣ አገር እያየው እስክስታ ወረደ።