አልጣሽ የመረጠችው አማች

አልጣሽ ብልህ ሴት ናት፤ አገሩ ሁሉ ይመሰክራል፣ እሷም አትክድም። በግ ስትገዛ አፉን ከፍታ ጥርሱን ታያለች፣ ገብስ ስትሸምት እፍኝ አንስታ ታሸታለች። ያ ሁሉ ብልሃት ጉድ ያደረጋት ልጇን ስትድር ነው።

ልጅቱ እታገኝ ናት። በ1955 ዓ.ም. ዘመሮ ከተማ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ከክፍሉ ልጆች ሴቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሷና የጎረቤቷ ልጅ ጌታነሽ። አባቷ መኳንንት የፍርድ ቤት መጥሪያ መደብ ሥር ሸጉጦ ሲረሳው፣ አንብባ «አባባ፣ ቀጠሮህ እኮ ነገ ነው» ያለችው እሷ ናት። መሬቱ የዳነው በዚያ ነው። አልጣሽ ያን ቀን፣ ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ አታቋርጥም ብላ ማለች።

ግን ልጅቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላትና ሽማግሌ ይመላለስ ጀመር። መኳንንት «ሴት ልጅ ቤት ከቆየች ስም ይወጣባታል» ይላል። ስም የሚያወጡት እነማን እንደሆኑ ግን አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። አልጣሽ ሠርጉ እንደማይቀር ስታውቅ፣ እንግዲያውስ ባሉን እኔ እመርጣለሁ አለች።

ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ በሰማንያ ሊያገባት የፈለገ ባለብዙ በግ ገበሬ፣ ፊደል ያልቆጠረ። ሌላው ዲያቆን ኪዳነ ወልድ፤ ሃያ ዓመቱ፣ ድምፁ ያማረ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ። ዲያቆን ከሚስቱ ጋር ሳይቆርብ ቅስና አይቀበልምና ቸኩሏል። አልጣሽ ለብቻው ጠራችው።

«ልጄን ታስተምርልኛለህ?»

«እናቴ፣ እኔ በፊደል ያደግሁ ሰው እንዴት ፊደል እከለክላለሁ?» አላት።

ከልቡ ነበር። አልጣሽም ደስ አላት፤ የተማረ ያስተምራል ብላ አመነች። ቁርባን ከሞት በቀር የሚፈታው የለም፤ እሷ ያንንም ለልጇ ክብር አድርጋ ቆጠረችው። ገበሬው በበኩሉ ፊቱን ወደ ጌታነሽ ቤት አዞረና እሷን አገባ። አልጣሽ «ምስኪን፣ ለመሃይም ሰጧት» እያለች ከንፈር መጠጠች።

እታገኝ በግንቦት ቆረበች፣ ባሏም በሐምሌ ቀሰሰ። ደብሩ ከዘመሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ትምህርቷን ትቀጥላለች ተብሎ ነበር። መስከረም ጠባ፣ መስቀልም አለፈ፣ እታገኝ የለችም። በጥቅምት ደግሞ ጌታነሽ ከባሏ ጠፍታ መጣች። አባቷ ተቆጣ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሰማንያው ፈረሰ፣ በጎቹ ተከፈሉ። በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ገባች።

አልጣሽ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። በሶ ቋጥራ፣ የበግ ጠጉር ባናዋን ደርባ፣ ወደ አማቿ አገር ገሰገሰች። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስታሰናዳ ነበር፤ «ቃልህ የታለ፣ አንተ ቀጣፊ» ከሚለው ልትጀምር። ኪዳነ ወልድ ጥምጥሙን አሳምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቅ አለ፤ ገና አፏን ስትከፍት መስቀሉን ዘረጋላት። ምን ታድርግ? ጎንበስ ብላ ተሳለመች።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ፍቱኝ ብሎ ጀምሮ ቀጣፊ ብሎ መጨረስ አይቻልም። ስድቡን ሁሉ ትታ፣ «ቃልዎ ነበር እኮ» ብቻ አለች።

«አልዋሸሁም እናቴ» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የደብሩ ሽማግሎች አስፈሩኝ። ከወንዶች ጋር ስትመላለስ አንድ ክፉ ወሬ ቢወጣባት፣ እኔ ሌላ ማግባት አልችልም። ቅስናዬ የቆመው በእሷ ላይ ነው።»

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር።

እታገኝ ማጀት ውስጥ ዱቄት ትነፋለች። አልጣሽ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ በሹክሹክታ፣ «ተነሽ እንሂድ። ጌታነሽ እንኳ ተመልሳለች» አለቻት።

የልጅቱ እጅ ቆመ። «ተመለሰች? እውነትሽን ነው?» ፊቷ በደስታ በራ፤ ደስታው ግን አልቆየም። «የሷ ሰማንያ ነው እማዬ። የኔን ማን ይፈታዋል?»

«የተማረ ነው ብዬ እኮ ነው! ለአንቺ ብዬ!»

«አውቃለሁ።» እታገኝ ወንፊቱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እኔና ጌታነሽ ተማክረን ነበር። ማግባቱ ካልቀረ በሰማንያ እናግባና ሁለታችንም በጥቅምት እንጥፋ ተባብለን። ገበሬው ለኔ ነበር የመጣው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አልጣሽ ክንዷን ያዘቻት። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የጠየቅሽው እሱን ነው» አለች እታገኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

አልጣሽ ልጇን እቅፍ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ቄሱ ደጅ ቆሟልና። ትንሽ ቆይታ ወንፊቱን ከልጇ ጭን ላይ አነሳችና የቀረውን ዱቄት ትነፋላት ጀመር።