የጀልባ ቀለም

ባለፈው ኤፕሪል ልጄ ሀሴት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥታ ሦስት ቀን ብቻ ቆየች። በአራተኛው ቀን ልብሷን በቦርሳ ይዛ ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር፣ ጓደኛዋ ራጃ ቤት ሄደች። ዕረፍቱ እስኪያልቅም እዚያው ሆነች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ምን ጎደለብሽ?» አልኳት።

«ምንም ማሚ። ግን ቤታችን ሐኪም ቤት ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ይመስላል።»

በክፋት አልነበረም ያለችው። በክፋት ቢሆን ተቆጥቼ እገላገል ነበር። እውነቷን ስለሆነ ግን ልብስ ሳጥብም ማታቱ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥም ንግግሯ አብሮኝ ሰነበተ። በኦገስቱ ዕረፍትም ከሄደች፣ ከዚያ በኋላ ቤቷ የት እንደሆነ እሷም እኔም የማናውቅ መሰለኝ።

እዚህ በሰው አገር፣ ካሳራኒ ሰፈር የተከራየነው ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው የደበዘዘ ክሬም፣ ሶፋው ቡናማ ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት እንዲህ አልነበረም። አባቴ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያንሸራሽርበት ጀልባ ነበረው። በየዓመቱ በጋ ሲገባ ጀልባውን ያድስና የተረፈውን ቀለም ወደ ቤት ይዞ ይመጣል። አንድ ዓመት ወንበሮቻችን ሰማያዊ ሆኑ። በሌላ ዓመት መስኮቶቹ ቢጫ፣ ከዚያ በሩ እንደ ሐብሐብ ውስጥ ቀይ። እናቴ «ይሄ ቤት ደግሞ አንድ ቀን ሐይቅ ሊገባ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። ሀሴት ትንሽ ሳለች ይህን ካልነገርኳት አትተኛም ነበር።

«ያንን ቤት እሠራላታለሁ» አልኩት ለባለቤቴ ለዓለሙ።

«ወርቂቱ፣ የአከራዩን ግድግዳ እንዳትነኪ ብቻ።»

«ግድግዳውን ምን አደርገዋለሁ? የራሳችንን ዕቃ ነው የምነካው።»

ኢስሊ ገበያ ሄጄ ከአገሬ ልጅ ከኩለሱም ሱቅ ገባሁ። ኩለሱም የሶፋ ጨርቅ ስላት አመድማ ጣቃ ዘረጋችልኝ።

«ይሄን ውሰጂ፣ ቆሻሻ አያሳይም። ሁሉም እሱን ነው የሚገዛው።»

«ቆሻሻ የሚያሳየውን ስጪኝ።»

«አንቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካሽ?» ብላ ሳቀች። ከላይ ያለውን ቢጫ፣ ነጭ መስመር ያለበትን አወረደችው። እጄን ሳስቀምጥበት ልቤ ሐዋሳ ደረሰ። «ከወደድሽው እሺ፤ ግን ፀሐይ ከመታው ይደበዝዛል። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትይ።»

ሳምንት ሙሉ የሶፋ ልብስ ሰፋሁበት። ሁለቱን በርጩማዎችና ትንሿን ጠረጴዛ ልብስ ወደሚሰጣበት ሰገነት አውጥቼ ሰማያዊ ቀባኋቸው። ስስ ነጭ መጋረጃ ሰቀልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ማንበብ የምማርበትን የፊደል ገበታም ከግድግዳው ላይ አንስቼ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ከተትኩት። ጫፉ የተቀደደ ወረቀት ነው፤ ውበቱን እንዳያበላሽብኝ ብዬ።

ሀሴት የምትመጣበት ቀን ሁሉም አልቆ መሃል ቤት ቆምኩና ፍርሃት ያዘኝ። ኩለሱም ስለ ፀሐይ ያለችው ትዝ ሲለኝ ወፍራሙን አሮጌ መጋረጃ በነጩ ላይ ደርቤ ዘጋሁት። የጎረቤት ልጆች እጅ ትዝ ሲለኝ ሶፋው ሲገዛ የመጣበትን ላስቲክ አለበስኩት። በርጩማዎቹ እንዳይጫሩ ደግሞ ዳንቴል ጣል አደረግሁባቸው። ያኔ ተረጋጋሁ።

ሀሴት የብረት ሳጥኗን እየጎተተች ገባችና ከበሩ አላለፈችም።

«ማሚ፣ እንግዳ አለ እንዴ?»

«የምን እንግዳ? እንግዳዋ አንቺ ነሽ!»

ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ በሶፋው ዳር በጥንቃቄ አልፋ ወጥ ቤት ገባች። የሶዳ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ምሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በላች። ሐብሐብ እየቆረጥኩላት ሳለ ራጃ ደወለች። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን «ነገ» የሚለውን በሦስት ቋንቋ አውቀዋለሁ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የልጄ ጉልበት ከሳጥኑ በላይ ወጥቶ አገጯን ሊነካ ደርሷል። ከጀርባዋ ለእሷ የሠራሁት ክፍል ጨልሞ ተዘግቷል። ያኔ አንድ የረሳሁት ነገር መጣብኝ። አባቴ ወንበሮቹን የቀባ ዕለት እስኪደርቁ አልጠበቅንም። ያን በጋ ሁሉ ቀሚሴ ከኋላው ሰማያዊ ነበር። የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።

«ሀሴት፣ ነይ እስቲ አግዢኝ።»

ላስቲኩን በአንድ በኩል እኔ፣ በአንድ በኩል እሷ ይዘን ሳብነው። ሲነሳ ጮኸ። ወፍራሙን መጋረጃ አወረድኩ። ጠዋት ሙሉ ደመና የነበረው ሰማይ ትንሽ ተከፍቶ ብርሃኑ ቢጫው ላይ አረፈ።

ሀሴት ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ አንስታ በርጩማውን አየችው።

«የአያቴ ጀልባ» አለች።

«ፀሐይ ያደበዝዘዋል ብላኛለች ኩለሱም።»

«ይደብዝዛ! ሶ ዋት?» ከነካልሲዋ ሶፋው ላይ በረጅሙ ተጋደመች፤ ሐብሐቡን እንደያዘች። አንዲት ቀይ ጠብታ ነጩ መስመር ላይ ወረደች። እጄ ወደ መወልወያ ጨርቅ ሲሄድ ያዝኩትና ተቀመጥኩበት። አይታኝ ኖሮ ከት ብላ ሳቀች።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ማሚ። እያመመሽ ነው አይደል?»

«በጣም።»

ግድግዳውን አየች። «ፊደልሽስ?»

«ቁም ሳጥን ጀርባ።»

«ለምን? የቅዳሜውን ትምህርት በምን ልጠይቅሽ ታዲያ?» ተነስታ አወጣችውና እዚያው ቦታው ለጠፈችው፤ ትንሽ ጠመም አድርጋ። አላቃናሁትም።

ከዚያ ስልኳን አነሳች። ይሄኛውን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ቀላቅላ አወራች፤ እኔ እንድሰማ መሰለኝ። «ራጃ፣ ኖ፣ ነገ አንቺ ነሽ የምትመጪው። እኛ ቤት። አዎ፣ ቤታችን!»

ዘልዬ ተነሳሁ። «ሰው የሚመጣ ከሆነማ ላስቲኩን እንኳ—»

«ማሚ!»

ላስቲኩን ጠቅልዬ ደረጃውን ወረድኩ። ከሕንጻው በር ላይ አትክልት የምትሸጠው ማማ ምቦጋ ካፊያ ሲመጣ ቲማቲሟን የምትሸፍንበት ስታጣ አያታለሁ። ሰጠኋት። ደስ ብሏት ስትዘረጋው ከላይ መስኮቱ ተከፈተ። የሀሴት ፀጉር ከነጩ መጋረጃ መሃል ወጣ።

«ማሚ፣ ሌላ ሐብሐብ ያዢ! ነገ አራት ነን!»