ትንፋሽ አጣቢዋ

አባዬ ባሕር ይጠላል። ባሕር ብቻ መሰላችሁ? ከጉልበቱ በላይ የሚደርስ ውሃ ሁሉ ጠላቱ ነው። ገላውን የሚታጠበው ከባልዲ እየጨለፈ ነው፤ ባልዲውንም በክፉ ዓይን እያየ። እንግዲህ በዓለም ዙሪያ ማዕበል ላይ ሳንቃ እየጋለቡ ዕድሜያቸውን ስለሚጨርሱ ሰዎች የተሠሩ ስድስት ዘጋቢ ፊልሞች መጡና፣ በድምፁ እንዲተርካቸው የተመረጠው ይኸው ሰውዬ ነው። ጉድ በሉ!

ሥራችን ይኼ ነው። የውጭ ፊልም ይመጣል፣ ይተረጎማል፣ አባዬ ያነበዋል፣ እኔ እቀርጸውና ከምስሉ ጋር አገጣጥመዋለሁ። ስቱዲዮ ብለን የምንኮራበት ቦታ የድሮ መኖሪያ ቤት ነው። መቅረጫ ክፍላችን የቀድሞው ኩሽና ሲሆን፣ ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽና የእንቁላል ካርቶን ለጥፈንበታል። የቧንቧው አፍንጫ ግን አሁንም ከፍራሹ መሃል ብቅ ብሎ ያየናል። አባዬ ሲያነብ ሁልጊዜ ጀርባውን ለቧንቧው ሰጥቶ ነው፤ አላምነውም ይላል።

የሚያውቁት ሁሉ «ነጎድጓድ» ይሉታል። አንበሳ ሚዳቋ ላይ ሲዘል፣ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ የሚሰማው የአባዬ ድምፅ ነው። አንበሳው ራሱ እንደ አባዬ አያገሳም። ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ልጁ ስለሆንኩም ነው።

እኔን ደግሞ «አጣቢዋ» ይሉኛል። የማጥበው ትንፋሽ ነው። ሰው ሲያነብ በየመሃሉ አየር ይስባል፤ ያ ሲጥ የሚል ነገር ፊልሙ ውስጥ እንዳይሰማ አንድ በአንድ እየለቀምኩ እቆርጠዋለሁ። እንደተቀረጸ የተቀመጠውን «ጥሬው» እንለዋለን፣ ትንፋሹ የወጣለትን «የታጠበው»። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ምስጋና ግን የለውም። ማንም ሰው «እሰይ፣ ዛሬ ማንም አልተነፈሰም» ብሎ ስልክ ደውሎልኝ አያውቅም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እጥበቱ በዛብኝ። መጀመሪያ ሲጥታ ነበር፣ ቀጥሎ ፉጨት ሆነ፣ ቀጥሎ ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነገር። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አኩርፌ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ሳንባውን አዳመጠና «ዛሬ ነገ ሳይሉ ሕክምናውን ይጀምሩ፤ ከቆየ መመለሻ የለውም» አለው። አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን አውጥቶ ስለ ዝሆኖች የተረከውን ፊልም ከፈተለት!

«ስማ እስቲ የኔ ልጅ» አለው ሐኪሙን። «ይኼ የበሽተኛ ድምፅ ነው? የቱ ጋ ነው የታፈንኩት? አሳየኝ!»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ምን ልበል? ያ ዝሆን እኮ እኔ ያጠብኩት ዝሆን ነው! የተቆረጠውን ትንፋሽ ብትሰበስቡት ጎማ ይነፋል። ግን ተነስቶ ለገዛ አባት «ድምፅህ አልቋል» ማለት ቀላል መሰላችሁ? ደግሞ የስቱዲዮው ባለቤት አድፍጦ ነበር። እሱን «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንለው፤ ሰላምታውም ስንብቱም ይኸው ቃል ስለሆነ። ቶሎ ቶሎ ተተኪ ይዟል። «ቅቤው» ይባላል፤ የሳሙና ማስታወቂያ የሚያነብ፣ ቃሉ ሁሉ ጆሮ ላይ የሚያዳልጥ ሰውዬ። የመጀመሪያውን የማዕበል ፊልም የቴሌቪዥን ጣቢያው ከወደደው የቀሩትን አምስቱንም አባዬ ያነባል፣ ካልወደደው ቅቤው ይረከባል ተባለ። አባዬ ከማይክራፎን ፊት ተነስቶ ቤት ሲቀመጥ ይታየኛል። ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።

መቅረጽ ጀመርን። አባዬ ያነብባል፣ በየመሃሉ ይሳደባል። እኔ ከኩሽናው ከሚለየኝ መስታወት ወዲህ ሆኜ ስድቡንም ትንፋሹንም እቆርጣለሁ።

ፊልሙ ላይ ጢሙ በረዶ የሠራ ሰውዬ በውርጭ ባሕር ውስጥ ሳንቃው ላይ ተጋድሞ ይቀዝፋል። «ይኼ ሰውዬ ቤት የለውም?» አለ አባዬ። ዳቦ ጋጋሪ መጣ፤ ማዕበል መጥቷል ሲባል ሊጡን ጥሎ በሽርጡ የሚሮጥ። «የዚህ ሰፈር ሰው ጠዋት ምን ይበላል? አሸዋ?» ሌላው ደግሞ ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና እሱ ማዕበል ሲጠብቅ እንደዋለ በኩራት ይናገራል። አባዬ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ማዕበሉ ነው እንዴ ያስረገዛት?»

«አባዬ፣ አንብብ።»

«አይ፣ ይገባኛል እኮ! ግማሽ ቀን ቀዝፈህ፣ አፍህ ጨው እስኪሆን ተንገላተህ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ትቆማለህ። ከዚያ ትወድቃለህ። ከዚያ እንደገና! ደሞዝ ከፍለው ቢያሠሯቸው እኮ አድማ ይመቱ ነበር።»

ከዚያ ባልቴቷ መጣች። ዕድሜዋን በሙሉ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጉልበቷ በፋሻ የተጠቀለለ ሴት ናት። ሐኪም ባሕር እንዳትገባ ከልክሏታል። እሷ በየማለዳው ከእሷ የሚረዝመውን ሳንቃዋን በብብቷ ሸጉጣ እያነከሰች ትወርዳለች። ለምን ሲሏት «ከውሃው ስወጣ አርጅቼ ነው የምወጣው፤ ውስጡ ግን ገና ነኝ» ትላለች።

አባዬ ጦፈ። «ግትር! ሐኪም እየነገራት! ምን ዓይነት እልኸኛ ባልቴት ናት? የሚመክራት ልጅ የላትም?»

ደሜ ፈላ። የመነጋገሪያውን ቁልፍ ጫን አድርጌ «አላት፣ አባዬ» አልኩት። «ልጅቷማ ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል መክራታለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖባት ነው!»

«ለማን ነው የምትናገሪው?»

«ለባልቴቷ።»

በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ አየኝ። «ሰዎቹ ለማዕበል ይሞታሉ ብለህ ትስቃለህ» አልኩት። «አንተስ? አንተ ለዓረፍተ ነገር አይደል እንዴ የምትሞተው? ማዕበል እንኳ ይሻላል፣ ቢያንስ ያጥባል!»

«ገጽ እንገልብጥ» አለ አባዬ።

ገለበጥን። የተገለበጠው ገጽ ላይ ጣጣው ነበር። ባልቴቷ አንድ ትልቅ ማዕበል ላይ ልትቆም ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ ውሃው አንስቶ ደፈቃት። ሙዚቃው ይቆማል። ነጭ አረፋ ብቻ ይታያል። እሷ የለችም። እዚህ ላይ የሚነበበው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ የለውም፤ ተርጓሚያችን ነጠላ ሰረዝ እንጂ አራት ነጥብ አያውቅም። ለሦስት እንክፈለው ብዬ ለመንኩት።

«ነጎድጓድ ይከፈላል እንዴ?» አለኝ። «በአንድ ትንፋሽ ነው።»

ጀመረ። ግማሹ ላይ ሲደርስ አየሩ አለቀበት። ፉጨቱ መጣ፣ ሳሉ ተከተለ፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ወረቀቱን ትቶ ቀና ሲል ስክሪኑ ላይ ባልቴቷ አሁንም አልወጣችም። ባሕር የሚጠላው አባቴ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ኧረ አውጧት!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ሰው የለም እዚያ? አውጧት! አውጧት በናታችሁ!»

ወጣች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ሳንቃዋን እንደ ልጅ አቅፋ፣ እየሳቀች።

«ባለጌ» አለ አባዬ ተቀምጦ ዓይኑን እየጠረገ። «ትስቃለች እኮ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።» ትንሽ አረፈና ያንኑ ዓረፍተ ነገር እየተነጫነጨ ለሦስት ከፍሎ አነበበልኝ።

እሱን አጥቤ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፤ ጥሬውን ከሥሩ ድምፁን አጥፍቼ ዘጋሁት። ፊልሙ አለቀ። አንጀቴ ግን እምቢ አለኝ። የታጠበውን ዘግቼ ጥሬውን ከፈትኩና ያንን ሳል እንደገና አዳመጥኩት፤ እንደገና፣ እንደገና። እንደ ሐኪም ነበር የማዳምጠው፤ ልዩነቱ እኔ ምንም አለማወቄ ነው። እንባዬ መጥቶ ሳልጠርገው በሩ ተበረገደ።

«ቶሎ ቶሎ! የጣቢያው ሰዎች መጥተዋል!»

ፊልሙን እንዳለ አውጥቼ ሰጠሁት። እንዳለ።

ማሳያ ክፍላችን የቀድሞው መኝታ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረናል። ከጣቢያው የመጣችው ገምጋሚ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቶሎ ቶሎ «ለማንኛውም» ብሎ ቅቤውንም ጠርቶት ነበር፤ ሱፉን ግጥም አድርጎ ጥግ ላይ ቆሟል። አባዬ ከፊት ነው፤ ራሱን ሲያዳምጥ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አገጩን ከፍ አድርጎ። ጢመ በረዶው አለፈ፣ ጋጋሪው አለፈ፣ የምጧ ባል አለፈ። ሁሉም ልቅም ያለ፣ ንጹሕ። ባልቴቷ ስትወድቅ ሙዚቃው ቆመ። ከዚያ ያ ፉጨት ክፍሉን ሞላው።

ለካ ጥሬውን መልሼ ሳልዘጋው ነው የሰጠሁት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ሳሉ መጣ። ጠረጴዛው ሲንቋቋ ሳይቀር ይሰማል። «ኧረ አውጧት! አውጧት በናታችሁ!» ባልቴቷ ብቅ ስትል የክፍሉ ሰው ሁሉ አብሯት አየር ሳበ፤ ገምጋሚዋ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋለች።

መብራት በራ። «እኔ ራሴ የሰጠምኩ ነው የመሰለኝ» አለች። «እንዲህ ይሁን ብሎ ያሰበው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ቶሎ ቶሎ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ቀስ ብለን ስናስብበት ነው የከረምነው።» በሕይወቱ ቀስ የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የዚያን ቀን ሰማሁ።

«የቀሩትን አምስቱንም እሳቸው ያንብቡ» አለች። «ትንፋሻቸውን እንዳትነኩት።» ጥግ ላይ ቅቤው ቀስ ብሎ ማለክለክ ሲለማመድ፣ ቶሎ ቶሎ አንቆት መስሎት ውሃ አመጣለት።

አባዬ አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ኩሽናው ውስጥ አስገባኝና በሩን ዘጋ።

«ያ የሚያፏጨው ማነው?»

«አንተ ነህ፣ አባዬ።»

«የዛሬው ብቻ ነው?»

አሁንስ በቃኝ። የዝሆኖቹን ፊልም ጥሬውን አወጣሁና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አዳመጠ።

«ይኼ ዝሆኑ ነው?»

«ዝሆኑ ገና አልመጣም።»

ማዳመጫውን አወለቀ። ቀስ ብሎ ቧንቧው ሥር ተቀመጠ፤ ጀርባውን መስጠቱን እንኳ ረሳ። «እና እኔ ያንን ሐኪም… ስንቱን ነው ያወረድኩበት! መንገርሽ ምን ይጎዳሽ ነበር?»

«እሱ ነገረህ አይደል? ዝሆን አሳየኸው!»

«ዝሆኑን ያጠብሽው አንቺ!»

«አዎ! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩና እንባዬ ቀደመኝ። «ፈራኋ! ድምፅህን የነጠቁህ ቀን አንተም አብረህ የምትሄድብኝ መሰለኝ። ሳጥበው ደግሞ ይኸው፣ እኔው በገዛ እጄ ልገድልህ ነው። አባዬ፣ እኔ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ፉጨቱ በሁለታችን መሃል ይሰማል፤ አሁን የሚቆርጠው የለም።

«ዕድሜ ልኬን ለቃሌ ሲከፍሉኝ ኖረው» አለ በመጨረሻ፣ «አሁን ለማለክለኬ ሊከፍሉኝ? ውርደት እኮ ነው!» አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገ። «ያቺ ባልቴት ልጅ አላት ያልሽኝ… ልጅቷ ምን አለቻት?»

«ሐኪም ቤት እንሂድ አለቻት።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

ኮቱን አነሳ። «በይ ቅደሚ። ያ ቶሎ ቶሎ ካየን ሁለተኛውን ፊልም ያስጀምረናል።»

ሐኪሙ ያው ሐኪም ነበር። አባዬን በር ላይ ሲያየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዛሬስ ምን ፊልም ይዘው መጡ?»

አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ። ጀርባውን ካየሁት ቆይቻለሁ፤ አጥንቱ ይቆጠራል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ለጠፈበት።

«በረጅሙ ይተንፍሱ።»

አባዬ አልተነፈሰም። አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ።

«የቱን ነው የሚፈልገው?» አለኝ።

«ምኑን?» አለ ሐኪሙ።

«ጥሬውን ነው፣ አባዬ» አልኩት። «ጥሬውን ስጠው።»

ዓይኑን ጨፈነና ሙሉውን ሰጠው።